ዋርካው ሥር የተቀመጠችው ልጅሽ

ለውድ እህቴ ለዘምዘም፤ የአላህ ሰላም እስከ ድሬዳዋ ድረስ ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? የጎንሽ ውጋት ተወሽ ወይ? ባለቤትሽ ጋሼ ኢብራሂምስ እንዴት ሰነበቱ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እኛ ዘንድ የተውሻት ልጅሽ መሪያምም ደህና ናት። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩት ከዚህ በታች ያለውን ስታነቢ እንዳትደነግጪ ብዬ ነው።

የገበያችንን ዋርካ ታስታውሻለሽ። የጠፋ ልጅ ሲገኝ እዚያ ሥር ይቀመጥ ነበር፤ ጥጥ ሻጯ እትዬ አሰገደች ታቅፈው ሸንኮራ እያስላመጡ እናቱ እስክትመጣ ያቆዩታል። እናቶችም ልጅ ቢጠፋባቸው ወደዚያው ነበር የሚሄዱት። ዘንድሮ ጣሊያኖች ካሚዮኖቻቸውን ጥላ ሥር ሊያቆሙ ዙሪያውን በሽቦ አጠሩት። ልጅ ይዞ የተጠጋውን ሁሉ ዘበኛ ያባርረዋል። ለመሪያም ግን ያስተማርናት የድሮውን ነበር፤ ከጠፋሽ ዋርካው ሥር ተቀመጪ፣ የራስሽ ሰው አጠገብሽ ካልደረሰ እንዳትነሺ ብለናት ነበር።

ባለፈው ረቡዕ አንድ ካሚዮን ጡሩንባውን እየነፋ ገበያው መካከል ሲገባ ሰዉ ተራወጠ፤ መሪያምም ከአያቷ ከእማ እጅ ተለየች። ሸህ ሷሊሕ ወደ ገበያ ከመጡ ብዙ ጊዜ ሆኗቸው ነበርና ሽቦው የከብት አጥር መሰላቸው። ስታለቅስ አግኝተዋት ዘበኛው ሳያያቸው በሥሩ አሾልከው ዋርካው ጋ አስቀመጧትና እናቷ ትመጣለች ብለው ወደ ጉዳያቸው ሄዱ።

እኛ ስንደርስ ከካሚዮን ጎማ አጠገብ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ሞተሩ ተነሥቷል። ሴቶቹ ሽቦው ዳር ቆመዋል። እማ ነይ ልጄ ብትላት ራሷን ነቀነቀች፤ እዚህ ካልመጣችሁ አልነሣም አለች። እማ በሽቦው ሥር መሹለክ አቃታት። እኔን ታውቂኛለሽ፤ ሰው ባለበት ቀና ብዬ አልሄድም። እንዴት እንደገባሁ እንጃ፤ የቀሚሴ ቁራጭ ሽቦው ላይ ቀርቷል። ዘበኛው በማላውቀው ቋንቋ ጮኸብኝ፣ ትከሻዬንም በሰደፍ መታኝ። አንሥቻት ወጣሁ። ካሚዮኑም ወዲያው እሷ የተቀመጠችበትን መሬት ረግጦ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ሴቶች ልጆቻቸውን ቤት ዘግተውባቸው ይመጣሉ። በገበያው የሚሰማው የፍየል ድምፅ ብቻ ነው። እትዬ አሰገደች አሁን ፀሐይ ላይ ይቀመጣሉ። ዛሬም ሸንኮራ ይዘው ይመጣሉ፤ የሚቀበላቸው ልጅ ግን የለም። እኔም በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ከሽቦው ውስጥ ልጅ ሲያለቅስ እሰማለሁ። ቆሜ ሳይ ማንም የለም።

እማ በጣም ናፍቃሻለች፤ ጋሼ ኢብራሂምንም ሰላም ትላለች። እትዬ አሰገደች እግዜር ይጠብቅሽ ብለዋል። ሸህ ሷሊሕ ቤታችን ድረስ መጥተው አልቅሰዋል፤ ዱዓ ያደርጉልሻል። መሪያም ግን አታለቅስም፤ ግድግዳ ሥር እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትውላለች። ለእናትሽ ምን ልጻፍልሽ ብላት፣ «አሁን ብጠፋ የት ልቀመጥ? እሷን ጠይቂልኝ» አለች። አንቺ እናቷ ነሽ፤ ለእሷ ጻፊላት።

ታናሽ እህትሽ ፈሪሃ
ሸዋ ሮቢት፣ ጥር ፲፪ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.