ቁልፉ እስኪዞር

የካቲት 3 ቀን 1961፣ ሰበታ

ዛሬም ትምህርት ቤት ዋልኩ። ሆዴ ሰሌዳው ጋ አላስደርስ አለኝ፤ ተማሪዎቹ ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። ስመለስ ባሌ ዓባይነህ አሮጌዋ መኪናችን ውስጥ ቁጭ ብሎ ቁልፍ ያዞራል... ዝም። መብራት የላት፣ ድምፅ የላት። ባትሪ ነው አለ። ይሁንለት።

የካቲት 5

ባትሪ አይደለም። ጎረቤታችን ኦቦ ባጫ ከነልጆቻቸው እስከ ድልድዩ ገፉልን። አልተነሳችም። ላባቸውን እየጠረጉ «ጃባዱ፣ ኢንተለ ኮ፤ በርቺ ልጄ» አሉኝ። ምኑን ልበርታ?

ሐኪሙ ለዓባይነህ ያለው ከጆሮዬ አይወጣም። «ምጥ እንደጀመራት አዲስ አበባ ይዘዋት ይምጡ። ቤት ከወለደች ይህንንም ልጅ ያጣሉ፣ እሷንም።» የፊተኞቹን ሁለቱን ቤት ነው የወለድኳቸው። አንዳቸውም አላለቀሱም።

ከመሸ አውቶቡስ የለ። ምጥ ደግሞ ሰዓት አይጠይቅ።

የካቲት 8

መካኒኩ አብዱሰመድ ከአለም ገና መጣ። ቁልፉ የሚዞርበትን፣ ኳድሮ የሚሉትን፣ ፈትቶ አወጣው። ውስጡ አረንጓዴ ሆኗል፣ መዳቡ ተበልቷል። ውሃ ከየት ገባ ብሎ ጠየቀ። ዓባይነህ የመኪናዋ ጣራ ያፈሳል ብሎ አመካኘ።

እኔ አውቃለሁ... ከጥምቀተ ባሕሩ በጠርሙስ ያመጣሁትን ጠበል ጠዋት ጠዋት ቁልፉ ቀዳዳ ላይ ጠብ አደርግ ነበር። ያን ቀን እንዳታሳፍረኝ ብዬ። ጠበል ሲባል ለሚስቅ ባል ምን ብዬ ልንገር? ልጄን በገዛ እጄ?

የካቲት 9

ለዓባይነህ ነገርኩት። ይጮኻል ብዬ ነበር። ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ መሬት መሬት አየ።

«እኔም አድርጌያለሁ» አለ። «ቤተ ክርስቲያን ስትሄጂ... ከዚያው ጠርሙስ።»

ቶሎ ቶሎ ሲጎድል አይጥ ጠጣው እንዴ እያልኩ ነበር። መሳቅ አማረኝ፤ አለቀስኩ።

የካቲት 11

ዓባይነህ መርካቶን ዞሮ ዞሮ ባዶ እጁን ገባ። ለዚህች አሮጊት የሚሆን ኳድሮ የለም አሉት። ወገቤን እየያዘኝ ነው። ጌታዬ፣ ዛሬ አይሁን። ነገም አይሁን። ተስፋ ቆረጥኩ ብዬ መጻፍ እፈራለሁ... ቆርጫለሁ።

የካቲት 13

አብዱሰመድ ቡራዩ ከቆመች ውዳቂ መኪና ኳድሮ ከነቁልፉ ፈትቶ አመጣ። ሽቦዎቹን አሰረ፣ ዓባይነህ አዞረ፣ ተነሳች። ኦቦ ባጫ አጨበጨቡ።

አብዱሰመድ ሲሄድ «እትዬ፣ ጠበሉን ይጠጡት እንጂ እሷን አያጠጧት» አለኝ። ዓባይነህ ነግሮታል ማለት ነው። አፈርኩ።

የካቲት 19፣ አዲስ አበባ፣ ሆስፒታል

ቀና ብዬ መጻፍ የቻልኩት ዛሬ ነው። በአሥራ ስድስት ጎህ ሲቀድ ምጥ ያዘኝ። ዓባይነህ ጠርሙሱን አቀበለኝ፣ ጠጣሁ። ከዚያ አማተበና ቁልፉን አዞረ። እሱ... አማተበ። በአንዴ ተነሳች። መንገዱን አላስታውስም።

አለቀሰች። ልጄ አለቀሰች፤ በጆሮዬ ሰማኋት።

ዓባይነህ አልጋዬ አጠገብ ቆሞ ነበር፣ ቁልፉን እንደጨበጠ። መዳፉ ላይ ምልክት አውጥቷል። ሞተሯ ጠፍቷል እኮ፣ ልቀቀው አልኩት።

«ትንሽ ይቆይ» አለኝ።