«ገባችሁ?» ብዬ የጠየቅኩ ቀን

ውድ እትዬ፣

አሸነፍን። ሌላውን ሁሉ ቀስ ብዬ እነግርዎታለሁ፤ ይህቺን ግን አስቀድመው ይስሙልኝ። ትናንት ካርድ ክፍላችን ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት መቶ አርባ ታካሚ በኮምፒውተር አስተናገደ። አንድም ካርድ አልጠፋም፣ መስኮቱ ላይ የጮኸም አልነበረም። ሥራ አስኪያጁ ስህተት ሊለቅም መጥቶ በራፉ ላይ ሰዓቱን እያየ ቆመ፣ ቆመ፣ ሲሰለቸው ሄደ። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

በአካል መጥቼ ላናግርዎት ሁለት ጊዜ ቤትዎ ድረስ ሄጃለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ጋሼ ከልብስ ስፌት ክፍላቸው ብቅ ብለው «የለችም» አሉኝ፤ እርስዎ ከውስጥ ሲያስሉ እየሰማሁ። ባለቤትዎ ለውሸት አልተፈጠሩም፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ነው የተናገሩት። እኔም እንግዲህ በደብዳቤ መጣሁ። ለደብዳቤ «የለሁም» አይባልም።

አምስት ወር ሆነው አይደል? አዲሱ ሶፍትዌር ሆስፒታሉ የገባ ሰሞን አሠልጥኚ የተባልኩት እኔ ነበርኩ። ፕሮግራሙን አብጠርጥሬ ስለማውቀው ማስተማርም የማውቅ መስሎኝ ዘጠኛችሁን በየኮምፒውተራችሁ ፊት ደርድሬ ሳልተነፍስ አወራሁ። በየመሃሉ «ገባችሁ?» እላለሁ። እርስዎ ትልቋ ስለነበሩ፣ ፊት ለፊትም ስለተቀመጡ፣ ለሁሉም የሚመልሱልኝ እርስዎ ነበሩ። ሦስት ጊዜ ጠየቅኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ «አዎ ልጄ» አሉኝ።

ከዚያ «እስቲ እትዬ፣ ይህን ታካሚ ፈልገው ያውጡልን» አልኩዎት። እጅዎ ማውሱ ላይ ቀረ። እኔ አፈ ጮሌዋ፣ «ቅድም ሦስቴ አዎ ብለውኝ አልነበር እንዴ?» አልኩ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። እስከ ዛሬ ለራሴ ይቅር ማለት ያቃተኝ ያንን ሳቅ ነው። እርስዎ ቦርሳዎን አንስተው «አንቺ ልጅ፣ እኔ ውሸት አላውቅም» ብለውኝ ወጡ። በነጋታው የጡረታ ማመልከቻዎ ደረሰ፤ ጊዜው ሊደርስ ሁለት ዓመት እየቀረው። ሃያ ስድስት ዓመት ያንን ሁሉ ካርድ በቃልዎ ይዘው የኖሩ ሰው! የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ጣልኩ።

እርስዎ ከሄዱ በኋላ ነገሩ ባሰ። የቀሩት ስምንቱም ኮምፒውተሩን እየዘጉ በድብቅ ወደ ወረቀቱ ተመለሱ። ሥራ አስኪያጁ ጠርቶኝ «እነዚህ ካልቻሉ የሚችል እቀጥራለሁ» አለኝ።

ለሁለተኛ ጊዜ ቤትዎ የመጣሁ ዕለት ግን ባዶ እጄን አልተመለስኩም። ጋሼ ለአንድ ደንበኛ ኮት እያስለኩ ነበር፤ ኮቱ ገና በነጭ ክር ላላ ብሎ ነው የተያዘው። ሰውየው መስታወት ፊት ቆሞ «ቆንጆ ነው፣ ተመችቶኛል» አለ። ጋሼ እንዳልሰማ ሆኑ። «እስቲ እጅህን አንሳ» አሉት። ሲያነሳ ብብቱ ሥር ያዘው። «ተቀመጥ» አሉት። ሲቀመጥ ቁልፉ ተወጠረ። ወዲያው ክሩን ፈቱት።

ሰውየው ሲሄድ «ተመችቶኛል እያለዎት ለምን ይፈቱታል?» አልኳቸው።

«ሰው ይሉኝታ አለው ልጄ» አሉኝ። «አፉን ከጠየቅሽው ምን ጊዜም ተመችቶኛል ነው የሚልሽ። ክንዱን ነው መጠየቅ። ደግሞ መፍታት በነጭ ክር እያለ ነው፤ በመኪና ከተሰፋ በኋላ ጣጣው ብዙ ነው።»

ለካ እኔም ስልጠናዬን ማንም ላይ ሳልለካ ነበር በመኪና የሰፋሁት።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁን ሦስት ሳምንት እንዲሰጠኝ ለመንኩት። «እንደገና ከማስተማሬ በፊት ትምህርቱን ልፈትነው» ስለው «ተማሪ እንጂ ትምህርት ይፈተናል እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። «ይፈተናል፤ አንዴ ወድቋል እኮ» አልኩት። ፈቀደልኝ።

ዕቅዴ አንድ ገጽ ነበረች። መጀመሪያ አንድ ሰው ለብቻው ይማራል፣ እኔ አያለሁ። ቀጥሎ አራት ሰው አብሮ ይማራል። በመጨረሻ እዚያው መስኮቱ ላይ፣ ሰልፉ ቆሞ እያለ። የታየው ስህተት ካልተስተካከለ ወደሚቀጥለው አይታለፍም። ከገጹ አናት ላይ ለራሴ በቀይ እስክሪብቶ «አትርጂ! ዝም ብለሽ ጻፊ» ብዬ ጻፍኩ። ያውቁኛል መቼም፤ ዝም ማለት ለእኔ በሽታ ነው። እጄ ወደ ማውሱ እንዳይሄድብኝ አንዱን ተቀመጥኩበት፣ በሌላው ጻፍኩ።

መጀመሪያ የመረጥኩት ያንን ባለ መነጽሩን የሥራ ባልደረባዎን ነው። ፈጣኖቹን ሆን ብዬ ተውኳቸው፤ ፈጣን ሰው ከመጥፎ ትምህርትም ይማራል። የይለፍ ቃሉን ጻፈ፣ «ግባ» የሚለውን ተጫነ፣ ስሙ ብቅ አለ። እኔ ደግሞ እንደ ልማዴ አፌ አመለጠኝና «ገባህ?» አልኩት።

«አዎ፣ ገብቻለሁ» አለኝ። «ከገባሁ በኋላስ ምን ላድርግ?»

እትዬ፣ እስክሪብቶው ከእጄ ወደቀ። ያ የተረገመ ማሽን ትንሽ ከቆዩበት ያስወጣል። ያን ቀን እኔ ወሬዬን ሳረዝመው ያስወጣችኋል፣ እናንተ መልሳችሁ «ግባ»ን ትጫናላችሁ፣ እኔ «ገባችሁ?» እላለሁ። ስምዎ ብቅ ብሏል፣ ገብተዋል፣ «አዎ ልጄ» ይሉኛል። እኔ ትምህርቱን ነበር የምጠይቀው፤ እርስዎ በሩን ነበር የሚመልሱልኝ። ሦስት ጊዜ ጠየቅኩዎት፣ ሦስት ጊዜ እውነቱን ነገሩኝ። እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ባለ መነጽሩ ግራ ገብቶት «ምን አጠፋሁ?» እያለ ውሃ አመጣልኝ።

ፕሮግራም የሚሠራውን ሰው ለምኜ «ግባ» የሚለውን «ክፈት» አስባልኩት። ከእኔ ትምህርትም «ገባችሁ?» የሚለው ጥያቄ ወጣ፤ በምትኩ «እስቲ አሳዩኝ» ገባ። ክንዱን መጠየቅ ማለት ይኸው ነው።

አራቱን ሰብስቤ ስሞክር ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። አንድ ታካሚ እንዲፈልጉ ሰጠኋቸው፤ ሁለቱ አገኙት፣ ሁለቱ «የለም» አሉ። ለካ ሰውየው የተመዘገበው በሐመሩ ሐ ነው፣ እነሱ የጻፉት በሀሌታው ሀ። ኮምፒውተር ጆሮ የለው፣ አንድ ድምፅ መሆናቸውን በምን ይወቅ? ባለ መነጽሩ ተነስቶ የእርስዎን መሳቢያ ከፈተና ያንን ጠርዙ ያለቀ ደብተር አወጣ፤ የትኛው ቤተሰብ በየትኛው ሀ እንደሚጻፍ ሃያ ስድስት ዓመት የመዘገቡበትን። የስልጠናው ግማሽ አሁን ከዚያ ደብተር የወጣ ነው። ሳላስፈቅድ ነው የወሰድኩት፣ ሲመጡ ይቆጡኝ።

ትናንት መስኮቱ ላይ አንዲት አሮጊት ካርዳቸው በአንድ አፍታ ወጥቶላቸውም አልሄዱም። «ስሜን ሳልናገር የሚያወጡልኝ ሴትዮ የታሉ?» አሉ። ባለ መነጽሩ «ይመጣሉ እማማ» አላቸው። እኔን ሳያማክር በእርስዎ ስም ቃል ገባ።

መስኮቱ ሲዘጋ ስምንቱንም አስቀመጥኳቸው። ሰው ፊት የሰበርኩትን ሰው ፊት ነው የምጠግነው ብዬ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየኝ «እትዬ ያን ቀን አልዋሹም። ገብተው ነበር። ያልገባኝ እኔ ነኝ» አልኩ። ማንም አልሳቀም። አንዷ ብቻ ዓይኗን እየጠረገች «እኛም ስቀናል እኮ» አለች።

ማመልከቻዎ አምስት ወር ሙሉ ሳይፈረምበት ሥራ አስኪያጁ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ካልመጡ ሰኞ ይፈርምበታል። በሚቀጥለው ወር ስልጠናው ወደ ላቦራቶሪና ወደ ፋርማሲ ይሄዳል። እዚያም ሳይለካ አይሰፋም፤ ከተማሪው ጎን ዝም ብሎ ተቀምጦ የት ላይ እንደሚደናቀፍ የሚጽፍ ሰው ያስፈልገኛል። ስምንቱም እርስዎን ነው የጠሩት። መጀመሪያ ግን እርስዎ ይማራሉ። ከተቸገሩ የወደቀው ትምህርቱ ነው፤ እኔም እንደዚያው ብዬ እጽፋለሁ።

ይህን ደብዳቤ ጋሼ በኪሳቸው ያመጡልዎታል፤ እሳቸውን አይቆጧቸው። ወንበርዎን ማንም አልተቀመጠበትም። ማሽኑ ከእንግዲህ ማንንም «ግባ» አይልም፤ ይህን ቃል ለእርስዎ አስቀርቼዋለሁ። ሰኞ ጠዋት በሩ ላይ ቆሜ እጠብቅዎታለሁ። ይግቡ።

ዝም ማለት እየተማረች ያለችው፣
«አንቺ ልጅ» የሚሏት