የማይደርቀው ጠረጴዛ

አድማሱዬ፣

እንደምን ከረምክ ብዬ ልጀምር አልኩና ተውኩት፤ ያለህበት ቦታ እንዲያ ተብሎ አይጠየቅም። እኛ ደህና ነን። ትልቁ ልጅህ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል፣ ትንሿ ስድስተኛ ክፍል ደርሳለች። ከተለየኸን ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ የምነግርህ አጥቼ አይደለም፤ እስክሪብቶ ባነሣሁ ቁጥር የሚመጣልኝ ስድብ ብቻ ስለነበረ ነው። ለሙት ደግሞ ስድብ አይጻፍም። ዛሬ የምሰድባት ራሴን ስለሆነ ነውር የለውም፤ አረፍ ብለህ ስማኝ።

ነገሩ የጠረጴዛው ነው። ለሚዛንና ለአማን ከተማ ሰው አልጋና ቁም ሣጥን ስትሠራ ኖረህ እኛ ቤት ግን እግሩ የተሰበረ የፕላስቲክ ጠረጴዛ ላይ ነበር የምንበላው። ስንቴ ጨቅጭቄሃለሁ! በመጨረሻ ያን የመሰለ ዋንዛ አግኝተህ፣ ሁለት ዓመት አድርቀህ፣ ለእኔ ብለህ ሠራኸው። በብርጭቆ ወረቀት አሽተህ እንደ ሕፃን ጉንጭ አለስልሰኸው፣ ዘይት መቀባቱ ብቻ ሲቀረው ሕመሙ ጣለህ። ሆስፒታል ተኝተህ እንኳ ስለ ልጆቹ ተናግረህ ስትጨርስ፣ ጠረጴዛው ዘይቱን ጠጥቶ ሳይደርቅ ምግብ እንዳላስቀምጥበት፣ ቫርኒሽ የሚባል ነገር ደግሞ እንዳላስነካው አደራ አልከኝ። ከነገርከኝ ሁሉ እኔ የሙጥኝ ያልኩት ይቺን አደራ ነው።

ቫርኒሽ ስትጠላ! የሚዛን እርጥበት ከሥሩ ገብቶ በዓመቱ እንደ ተቃጠለ ቆዳ ይልጠዋል ትል ነበር። ያንተ ነገር ተልባ ነው። ተልባውን እኔ እለቅማለሁ፣ አንተ ታስጨምቃለህ፤ ዘይቱ የእንጨት ሥራ ቤትህ ውስጥ አቧራ ይገባበታል ብለህ በቢጫዋ ጀሪካን ጓዳዬ ታስቀምጠዋለህ። ለብ ታደርገውና ከአሮጌ ነጠላዬ በቀደድከው ጨርቅ የእንጨቱን መስመር ተከትለህ ታሸዋለህ፤ እንጨቱ የሚጠጣውን ሲጠጣ የተረፈውን ትጠርጋለህ፤ ከዚያ ቀናት ትጠብቃለህ፤ ደግሞ እንደገና። መጨረሻ ላይ ከሸኮ ገጠር የሚመጣውን የማር ሰም ታስነካዋለህ። ደንበኛ ቸኩሎ ሲጮህብህ ሻይህን ፉት እያልክ ገና አልጠገበም ብለህ ትመልሰው ነበር። ይሄን ሁሉ ተልባ ሰው ቢጠጣው አይሻልም ወይ እያልኩ ያጉረመረምኩብህ ትዝ ይልሃል? እጅህ ተልባ ተልባ ሲሸተኝ ግን ደስ ይለኝ ነበር። ይህን በቁምህ አልነገርኩህም።

አርባህ ከወጣ በኋላ ወንድምህን ታምሩን ጠራሁት። ሥራ ቤቱን የያዘው እሱ ነው፤ ካንተ ሥር ያደገ ስለሆነ ከእሱ ሌላ ማንን ላምን? ጀሪካኗን ከጓዳ አውጥቼ በእጄ አቀበልኩት። ልክ እንዳንተ ለብ አደረገ፣ አሸ፣ ጠረገ፣ ቀናት ጠበቀ። ደገመው። ሦስተኛውን ቀብቶ ሲጨርስ ጣቱን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ ዝም አለ። እኔም ደክሞት ነው ብዬ አለፍኩት።

ጠረጴዛው አልደረቀም። ሳምንት አልደረቀም፣ ወር አልደረቀም። ክረምቱ ሲገባማ ጉድ ፈላ። አድማሱ፣ እንዴት እንደሚቀፍ! ክንዴን ሳሳርፍበት ቆዳዬን ይዞ ይጎትተኛል። ዝንብ ተለጥፎ ይሞትበታል። ሽታው ፓስቲ ሲጠበስበት ከርሞ ያልተደፋ ዘይት ነው። በረሮው ከየት እንደሚመጣ እንጃ፣ ጠዋት ስነሣ እግሩ ተይዞ ሲንፈራገጥ አገኘዋለሁ። ነጭ ሻጋታ አወጣ። በሳሙና ባጥበው፣ አመድ ብነሰንስበት፣ ጭቃ ሆኖ ቁጭ አለ። የትንሿ ልጅህ ደብተር ተጣብቆ ሲቀደድ እሷ አለቀሰች፣ እኔ ደግሞ ጓሮ ወጥቼ አስመለሰኝ። ላስቲክ ባለብሰው ከላስቲኩ ሥር ይልሞሰሞሳል። ያ የጓጓሁለት ጠረጴዛ ገና ሳየው የሚያቅለሸልሸኝ ሆነ። እንግዳ ሲመጣ በረንዳ ላይ ነበር የማስቀምጠው።

አንድ ቀን ሽታውን ለየሁት። የሱቅ ፓልም ዘይት ነው። ፓልም ደግሞ ይረጋል እንጂ አይደርቅም፤ ይህን ካንተ ጋር ኖሬ እኔ እንኳ አውቃለሁ። ታዲያ ተልባው የት ገባ? ጀሪካኗን ከታምሩ ሌላ የነካ ሰው አላየሁም። በቃ፣ ተልባውን ሸጦ በፓልም ተክቶት ነው አልኩ። አስጠርቼ አፌ እንዳመጣልኝ ለቀቅኩበት፤ የወንድሙ አፈር ሳይደርቅ አደራውን የሸጠ ከርሳም አልኩት። መሬት መሬቱን እያየ ሰማኝ። የሥራ ቤቱን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አኖረና ወጣ። ቁልፉ እንኳ ተጣብቆ በቢላ ነው ያነሣሁት፤ እሱ ራሱ የባሰ አንገሸገሸኝ።

እዚያ ላይ መች አበቃሁ። በየቤቱ ዞርኩ። ታምሩ የሟች ወንድሙን ዕቃ እየሸጠ ነው፣ እጁ አመለኛ ነው፣ ቤታችሁ እንዳታስገቡት አልኩ። የእኔን አፍ ታውቀዋለህ፤ ለአንዷ የነገርኩትን ለሁለተኛዋ ስነግር ጨማምሬ ነው። ሰው ሥራ መስጠቱን ተወ፣ ሰላምታውንም ነፈገው። እሱም ልብሱን ሸክፎ ቴፒ ገባ። እኔ እሰይ አልኩ።

ሙት ዓመትህም እንደ ሞትህ ሁዳዴ ውስጥ ዋለ። የእድር ሴቶች መጥተው ግቢውን ያዙት። ጎረቤታችን እማማ የሺ ምድጃው ጋ ነበሩ፣ እኔም ሽንኩርት ልከትፍ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ዘይቱን ድስት ውስጥ ሲያፈሱ ፊታቸውን አጨማደዱና ይሄ ምኑ ዘይት ነው አሉ። ለቅሶው ጊዜ ጓዳ በቢጫ ጀሪካን የነበረው ነው እንጂ ዘይት፤ ሽሮው እንዴት ይጣፍጥ ነበር፣ ለቀስተኛው አመስግኖ አላባራም፣ ከየት ነው የገዛሽው ብለው ጠየቁኝ። ቀጠል አድርገው፣ የሐዘንተኛ ቤት ባዶ ጀሪካን ትቶ መሄድ ነውር ስለሆነ እሳቸው ራሳቸው ከሱቅ አስመጥተው እስከ አፏ ሞልተው እንደመለሷት ነገሩኝ። ደስ እያላቸው ነው የሚያወሩት።

ሐዘንተኛ ወጥ ቤት አይገባም። ሦስት ቀን ፍራሽ ላይ ስቀመጥ ጓዳዬን ማን እንደከፈተው አላየሁም። ለካ ተልባህን ሰፈሩ በሽሮ በልቶታል! እኔም ጉረሺ ተብዬ በግድ ጎርሻለሁ። የቀፈፈኝ ዘይቱ አይደለም፣ አፌ ነው። ምላሴን አውጥቼ በብርጭቆ ወረቀት ባሸው እንኳ የሚጠራ አልመሰለኝም። ያን ሁሉ ወር ጠረጴዛው ገማ ገማ ስል የገማሁት እኔ ነበርኩ።

በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍሬ ቴፒ ሄድኩ። ታምሩን ሰው ሥራ ቤት ተቀጥሮ ኤምዲኤፍ የሚሉትን የፋብሪካ ጣውላ ሲቆርጥ አገኘሁት፤ ቅንድቡ ሳይቀር ዱቄት ለብሷል፣ ከስቷል። እግሩ ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ይዞ አስቀረኝ። የእማማ የሺን ነገር እያለቀስኩ ነገርኩት። መጋዙን አስቀመጠ።

«እትዬ፣ ሦስተኛውን ስቀባ እኮ አውቄዋለሁ» አለኝ። «ቸግሮሽ ተልባውን ለልጆቹ ወጥ የሠራሽበት መስሎኝ ነው ዝም ያልኩት።»

ይኸውልህ አድማሱ። እኔን ላለማሳፈር ብሎ ሌባ ተብሎ ከአገሩ ወጣ። ይህም አልበቃው፣ እማማ የሺ ጆሮ እንዳይደርስ አደራ አለኝ፤ በደግ ልብ ያደረጉትን ነገር በዚህ ዕድሜያቸው ሰምተው ይጸጸቱ ወይ ብሎ። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን ምን እንደማደርግ ታውቃለህ። ሳስበው ራሴን ያስጠላኛል።

አሁን ተመልሷል። ጠረጴዛውን በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥቦ፣ ፊቱን በመላጊያ ገፎ፣ አዲስ ተልባ አስጨምቀን ከመጀመሪያው ጀመረ። እንጨቱ ትንሽ ሳስቷል። አንድ ጥግ ላይ የጠቆረ ነገር ቀርቷል፤ ዘልቆ ስለገባ አይወጣም አለኝ። ግን ይደርቃል። ትናንት ክንዴን አሳረፍኩበት፣ አልያዘኝም።

የእኔ ሥራ ነው ያልደረሰው። ስሙን ያጠፋሁበትን ቤት ሁሉ በእግሬ እየዞርኩ ነው። ታምሩ አልሰረቀም፣ ያልሆነ ዘይት ሰጥቼው ጠረጴዛውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ እላለሁ። ውሸትም አይደለም፤ በእጄ ነው ያቀበልኩት። አንዷ ከንፈሯን ትመጥብኛለች፣ ሌላዋ በሯን ገርበብ አድርጋ ሰምታኝ ደህና ዋይ ሳትል ዘጋችው። ይበለኝ።

ዛሬ ጠዋት ተራው የእማማ የሺ ነበር። ገባሁ። ቆመው ሰሙኝ። ከዚያ የሙት ወንድም ስም እንዲህ ይጠፋል ወይ፣ አንቺ ሴትዮ እግዜርን አትፈሪም ወይ፣ ይህን ያህል ዘመን አናጢ አግብተሽ ዘይት ከዘይት መለየት ያቅትሻል ወይ እያሉ አወረዱብኝ። የጀሪካኗ ነገር አፌ ድረስ መጥቶብኝ ነበር። ዋጥኩት። አጎንብሼ አጥፍቻለሁ እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ አልኩ።

ገና ብዙ ቤት ይቀረኛል። እስከዚያ ታምሩና ልጆችህ ይብሉበት፤ እኔ ዞሬ ሳልጨርስ ጠረጴዛው ላይ እንጀራ አልቆርስም። አንተን አልረሳህም፣ ቃሌ ነው። በጸሎት የሁለታችሁን ስም ሳነሣ ግን ከእንግዲህ የታምሩን ነው የማስቀድመው፤ እንዳትቀየመኝ።

ሚስትህ