«ና» ያልሽኝ ዘፈን

ራሂዬ፣ የኔ ሆድ፣

ሙት ዓመትሽ ሊደርስ ነው። ሰዉ ሁሉ ጊዜው እንዴት ይሮጣል ይለኛል፤ እኔ ቤት ሲደርስ ግን ሲሮጥ አላየሁትም። ከተማችን ሬንተን እንደምታውቂያት ናት፣ ዝናቡም ያው ነው። ልጃችን ቤዛ መንጃ ፈቃድ አውጥታ መኪናሽን እሷ ነው የምትነዳው። ፓርክ ስታደርግ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ጋራዡ ውስጥ የባንድሽ ልምምድ ስለቀረ፣ በጫጫታችሁ ሲማረር የነበረው ጎረቤታችን አሁን ቆሞ ሰላም ይለኛል። ሰላምታውን አልወደድኩትም።

ዛሬ የምጽፍልሽ ተጨንቄ ነው። ባንድሽ ለሙት ዓመትሽ ኮንሰርት ሊያዘጋጅ ነው፤ ያንን ዘፈን ደግሞ ሊለውጡት አስበዋል። የኔን ዘፈን።

ጊታር የሚጫወትላችሁ ናቲ ባለፈው እሁድ ቤት መጥቶ፣ ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ ሽማግሌ ሆኖ እንደተላከ ሰው ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነገረኝ። አንቺ በሌለሽበት እሱ ነው የሚዘፍነው። ዘፈኑን ቀስ ያደርጉታል፣ የመግቢያውን ጊታር ያስቀሩታል፤ ይህን ሁሉ ጥርሴን ነክሼ ሰማሁ። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ፣ «ሶ ጋሼ፣ እኔ ወንድ ሆኜ ‹ና› ስል ማንን ነው የምጠራው? ‹ነይ› ብለው ደስ ይለኛል፤ እርስዎ ኦኬ ካላሉ ግን አንነካውም» አለኝ። አስብበታለሁ ብዬ ሸኘሁት።

አንቺ ዲቪ ደርሶሽ ቀድመሽ መጥተሽ፣ እኔ አዲስ አበባ ቪዛ ስጠብቅ የጻፍሽው ዘፈን ነው። ግጥሙ ሁሉ እንግሊዝኛ ሆኖ አዝማቹ ላይ ብቻ አንድ የአማርኛ ቃል አለው። «ና፣ ና፣ ና።» እዚህ ሲያትል በየክለቡ ፈረንጁ እጁን አንስቶ አብሮሽ ሲጮህ፣ እንደ ብዙ የሮክ ዘፈን ትርጉም የሌለው ማሟያ ድምፅ ይመስለው ነበር። እኔ ከኋላ፣ የድምፅ ማስተካከያው አጠገብ ቆሜ፣ ማን እየተጠራ እንደሆነ አውቅ ነበር። ያ ሁሉ ሰው ሳያውቀው እኔን ሲጠራኝ ደረቴ ይነፋ ነበር፤ መቼም አንቺ ታውቂዋለሽ።

እውነቱን ለመናገር አንቺም መድረክ ላይ እንደ ሲዲው ዘፍነሽው አታውቂም። አንድ ቀን ታፈጥኚዋለሽ፣ ሌላ ቀን ድራሙን ታስቆሚና በባዶ ድምፅሽ ትለቂዋለሽ። እኔ መኪና ውስጥ እስክንገባ ብቻ ነበር የምታገሠው። አውሮፕላን የምገጣጥም ሰው ነኝ፤ ብሎን እንደ ንድፉ ካልገባ እንቅልፍ አይወስደኝም። ሰው የሚወደውን ዘፈን በጆሮው ይዞ መጥቶ ለምን ሌላ ታሰሚዋለሽ እልሽ ነበር። ሲዲውን ለመስማት ከሆነ ሶፋው አለልህ ብለሽ ትስቂብኛለሽ። አንድ ጊዜ ግን ሳትስቂ፣ ስጽፈው ሩቅ ነበርክ፣ አሁን አጠገቤ ተቀምጠህ እንዴት አድርጌ ያኔ እንደጮህኩት ልጩኸው አልሽኝ። መኪናውን አስነስቼ ወደ ቤት ነዳሁ።

አሁን በእኔ ወገን የቆመው ፈረንጁ ድራመራችሁ ብቻ ነው። ኮል አድርጎ፣ «ና ና»ውን አትንኩት፣ ሕዝቡ የሚያውቀው እሱን ነው፣ ለነገሩ ቃሉ ትርጉም የለውም አለኝ። ስንት ዓመት አብሮሽ ተጫውቶ! ደጋፊ አገኘሁ ስል ያገኘሁት ይኼን ሆነ። ብትኖሪ ሆዳችንን ይዘን እንስቅበት ነበር። ብቻዬን ሳቅሁና አለቀስኩ። ቤዛም «ዳድ፣ ኢትስ ጀስት ዋን ወርድ» ብላ ትከሻዋን ሰበቀች። በዚያች አንድ ቃል ሰበብ እንደተወለደች አልነገርኳትም።

የከነከነኝ ዜማው ቢሆን በቀለለኝ። ካንቺ ወዲህ ቤታችን ውስጥ «ና» የሚለኝ የለም። ከሥራ ስመለስ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብዬ አዝማቹን እሰማለሁ። ትጠሪኛለሽ፣ ከዚያ እገባለሁ። ናቲ «ነይ» ካለው ይህችም የምትወሰድብኝ መሰለኝ።

ትናንት ወደሚለማመዱበት ሬኒየር ቢች ሰፈር ሄድኩ፤ እምቢ ልል ነው የሄድኩት። እስኪ መጀመሪያ ይስሙት አሉኝ። አዲሱ መግቢያ ይንዛዛል፤ አሁንም አልወደድኩትም፣ ነገም የምወደው አይመስለኝም። ናቲ አዝማቹ ላይ ደርሶ «ነይ» ሲል ግን ስፒከሩ ላይ ተቀመጥኩ። ከቀበርንሽ ጀምሮ አንድም ቀን ነይ ብዬሽ እንደማላውቅ ያኔ ገባኝ። ስትጠሪኝ መስማት ይቀላል። ና ብለሽኝ ውቅያኖስ ተሻግሬ መጥቻለሁ። እኔ ነይ ብልሽ ግን አትመጪም። ለካ ስፈራው የከረምኩት ይህን ነው።

ናቲን ዝፈነው አልኩት። እሱም አለቀሰ፣ ድራመሩ ግራ ገብቶት ሁለታችንንም አየን።

ቅዳሜ ኮንሰርቱ ላይ እንደ ወትሮው ከኋላ እቆማለሁ። ሰዉ ከልማዱ «ና» ማለቱ አይቀርም፤ ይበል። እኔ ከናቲ ጋር «ነይ» እላለሁ፣ ድምፄ እንደሆነ ለዘፈን አልተፈጠረም። ራሂዬ፣ አልረሳሽም ብሎ መማል ቀላል ነው፤ እኔ የምምልልሽ ግን እንደማትመጪ እያወቅሁ፣ እስካለሁ ድረስ፣ እንደምጠራሽ ነው።

ያንቺው ሳምሶን