ሲፈን ስንት ሰዓት ተኛች

መጋቢት 8፣ ሰኞ፣ ጠዋት 12 ሰ.
ሦስት ጊዜ ጠራኋት። አልተነሣችም። የልጅ ልጄ ሲፈን በዚህ ሳምንት የትምህርት ፈረቃዋ የጠዋት ነው። ባለፈው ሳምንት የከሰዓት ነበረች፤ አርፍዳ ትነሣ ነበር። ፈረቃ በተለወጠ ቁጥር እንዲህ ነው።
እናቷ ፅጌ ትናንት ከሁሩታ ደወለች። መምህሯ ልጅሽ ክፍል ውስጥ ትተኛለች ብሏታል። በ21 መጥታ ልትወስዳት ነው፤ ትምህርቱ ይቅርባት፣ ሱቅ ትቆማለች አለች።

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ
ያቺን የተቀዳደደች የጤና መጽሐፍ ደግሜ አነበብኩ። የሚተኙበት ሰዓት ሌላ፣ እንቅልፍ የሚወስድበት ሌላ ነው ትላለች። ይህን አስቤው አላውቅም።
ደብተሬ፣ እንሞክረዋለን። በአራት ተኩል ፋንታ ሦስት ተኩል ትተኛለች። ስልኳ እኔ ጋ ያድራል። ሲፈን በአባቷ ቋንቋ አኮ፣ አያቴ፣ ትለኛለች፦ «አኮ፣ አሁን እኔ የላብራቶሪ አይጥ ሆንኩ?» አዎ አልኳት።

መጋቢት 10፣ ረቡዕ
አልሠራም። በጊዜ ተጋደመች፤ እንቅልፍ የወሰዳት ግን አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል። ሰውነቷ ገና ባለፈው ሳምንት ላይ ነው። የክፍሏ ቆርቆሮ ጣሪያም የቀኑን ሙቀት ቶሎ አይለቅም።

መጋቢት 13፣ ቅዳሜ
ሐሙስ አልጋዋን ወደ እኔ ክፍል አዛወርን። ኮርኒስ ያለው የእኔ ብቻ ነው። ትናንት ማታ አራት ሰዓት ሳይሞላ ተኛች። ዛሬ ሳልጠራት ተነሣች! አንድ ልጅ፣ አራት ሌሊት። ማስረጃ አይባል ይሆናል። ግን ደስ አለኝ።
ሲፈን የለቀቀቻት የጓዳ ክፍል ድሮ የፅጌ ነበረች።

መጋቢት 16፣ ማክሰኞ
የከሰዓት ፈረቃ። ትናንት ማታ ሆን ብዬ ለቀቅኳት። እስከ ስድስት አመሸች፣ ጠዋት ሁለት ተኩል ላይ ተነሣች። ቆጠርኩት። ካለፈው ዓርብ እንቅልፏ አይበልጥም፤ ቦታውን ብቻ ለወጠ። እኔ ይህን ነበር ስንፍና የምለው።
ከዛሬ ጀምሮ ፈረቃው ምንም ይሁን ምን አራት ሰዓት መኝታ። አጉረመረመች፤ እሺም አለች።

መጋቢት 19፣ ዓርብ
ለፅጌ ደወልኩ። የቆጠርኩትን ሁሉ ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝና «እማዬ፣ እኔን ከዘጠነኛ ክፍል ስታስወጪኝ ሰዓት ቆጥረሽ ነበር?» አለች።
ስልኩን ዘጋችው።

መጋቢት 20፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት
ያኔ አልቆጠርኩም። በጠዋት ፅጌ ፊት ላይ ውኃ እደፋ ነበር። ክፍል ውስጥ ትተኛለች ሲሉኝ አልጠየቅኳትም፤ ሰነፍ ነሽ፣ ሽንኩርት ሽጪ ብዬ ገበያ አስቀመጥኳት። አባቷ ተይ ብሎኝ ነበር፤ ነፍሱን ይማር።
ነገ ትመጣለች። ቁጥሩን አላስቀድምም። ሲፈን እየሰማች እነግራታለሁ፦ በድዬሻለሁ፤ እንቅልፍ ያልጠገብሽ ልጅ ነበርሽ እንጂ ሰነፍ አልነበርሽም። ከዚያ በኋላ ነው ሲፈንን ተይልኝ የምለው። እምቢ ብትል እንኳ በድዬሻለሁ ያልኩትን አላጥፍም።