ክሌር ስለ ድልድዩ የተናገረው

ለእህቴ ለኦርፋ

እታለም፣ ደረቁ አገር እንዴት ይዞሻል? ሳልሽ ቀለል አለልሽ? ጉልበትሽስ ደረጃ አልወጣም ማለቱን ተወ ወይስ እንደ ወንድምሽ ግትር እንደሆነ ነው? ባለቤትሽ ክሌር እንዴት ሰነበተ? እህል ይበላል? እንቅልፍ ይወስደዋል? እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። ወገቤም ቢሆን ሃያ ስድስት ዓመት ግሬደር ላይ ተቀምጦ ከርሞ ባይጮህ ነበር የሚገርመኝ። ባለቤቴ ፌይም ደህና ናት። ዘንድሮም በቀይ ሥር የተዘፈዘፈውን እንቁላል በትልልቁ ብልቃጥ ሞልታ ደረደረችና፣ “ኦርፋ እዚያ በረሃ ውስጥ ይሄን ማን ሊሠራላት ነው?” እያለች ስታዝንልሽ ሰነበተች።

ቅጠሉ ከሞላ ጎደል ረግፏል። በጎ ፈቃደኞቹ የእሳት አጥፊዎች የዶሮና የበቆሎ ሾርባቸውን ቅዳሜ ሸጡ፤ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ አለቀ። ባለወፍጮው ድዋይት ሁለት ባልዲ ገዝቶ ሲሄድ “ለእንግዳ ነው” አለ። እንግዳ ከመጣበት አሥር ዓመት ያለፈው ሰውዬ!

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ወደ አባታችን እርሻ የሚያሻግረው ድልድይ ታሟል። በሰኔ መሐንዲሶች መጥተው ከሥሩ ገብተው መታ መታ አደረጉትና፣ ከሦስት ቶን በላይ እንዳያልፍበት ምልክት ተከሉ። ልጅሽ ጃኔል እዚያ ስድሳ ሁለት ላም እያለበች የወተት ቦቴው ወንዙን ዞሮ፣ ተራራውን ዞሮ፣ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ተጉዞ ነው የሚደርስላት። የቦቴው ባለቤት እስከ ጃንዋሪ ልታገስ እንጂ ከዚያ ወዲያ አልመጣም ብሏታል። ይህን በስልክ እንዳልነገረችሽ አውቃለሁ፤ የእናቷ ልጅ ናት፣ ካልታመመች አሞኛል አትልም፣ ከታመመችማ ጭራሽ አትልም።

ሳይቃጠል በቅጠል ነበር፤ እኛ ግን አልሰማንም። ሃሪስበርግ ያሉት የክፍለ ግዛታችን ሕግ አውጪዎች ዘንድሮ አንድ ረቂቅ ይዘዋል። ነዳጅ በቀዳን ቁጥር የምንከፍለው ቀረጥ ለመንገድና ለድልድይ ተብሎ የሚሰበሰብ ነው። ከዚያ ላይ ግን ስንት ዓመት ሙሉ ትልቅ ድርሻ እየተቆረሰ ለክፍለ ግዛቱ ፖሊስ ሲሄድ ኖሯል። ረቂቁ ይህን ይገድባል፤ ለፖሊስ የሚሄደው በየዓመቱ እየቀነሰ ገንዘቡ ወደ መንገዱ ይመለስ ነው የሚለው። እንደ እኛ የራሱ ፖሊስ የሌለው ቀበሌ ደግሞ የጥበቃውን ወጪ ከራሱ ኪስ ይሸፍናል። የወረዳችን ተወካይ ብልጥ ነው፤ “ቀበሌዎቹ የሚጽፉልኝን አይቼ ድምፅ እሰጣለሁ” ብሎ ጣጣውን ወደ እኛ ገፋው። የቀበሌው ተመራጮች ሦስት ነን። ሎሬታ ረቂቁን ደገፈች፣ ድዋይት ተቃወመ። የቀረሁት እኔ ነኝ።

እታለም፣ እዚህ ላይ አንቺና እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ያላነሳነውን ነገር ማንሳቴ ነው። ስለ በረዶ አውርተናል፣ ስለ አጋዘን አውርተናል፣ ስለ እማዬ ቀብር እንኳ አውርተናል። ክሌርን ከሥራው ስላስወጣንበት ቀን ግን አንድ ቃል ተናግረን አናውቅም። አሥራ አራት ዓመት የቀበሌያችን ብቸኛ ፖሊስ ነበር። ሰካራሙን ወደ ቤቱ ይሸኛል፣ የጠፋች ጊደር ይፈልጋል፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ ወጥ ቤት ገብቶ ቁጭ ይላል። እኛ ደግሞ የክፍለ ግዛቱ ፖሊስ ሲጠሩት በነፃ ይመጣል፣ የራሳችንን ለምን እንቀልባለን አልን። ሦስታችንም እጃችንን አነሳን፤ አንዱ እኔ፣ አንዱ ድዋይት፣ ሦስተኛው አሁን በሕይወት የለም። ከደመወዙ በተረፈው ግሬደሩን ገዛንበት። ግሬደሩ ላይ የምቀመጠው ደግሞ እኔ ነኝ። ይህን ሳታስቢው የቀረሽ አይመስለኝም።

ከስብሰባው በፊት የድሮውን የቃለ ጉባኤ መዝገብ አስፈልጌ አነበብኩ። ክሌር ያን ዕለት ተቆጥቶ እንደወጣ ነበር የማስታውሰው። አልተቆጣም። ጸሐፊዋ ቃሉን እንዳለ ጽፋዋለች፦ “ፖሊስ በነፃ አይመጣም። ከአንድ ድልድይ ላይ እየወሰዳችሁ ነው፤ የትኛው እንደሆነ በኋላ ታዩታላችሁ።” ከሥሩ ስሜ አለ። ሳነበው ብቻዬን ሆኜ እንኳ አፈርኩ።

ስብሰባው ባለፈው ማክሰኞ ነበር። እንደ ሁልጊዜው የበረዶ መጥረጊያ መኪናውን ከቀበሌው ጋራዥ አውጥተን፣ በክረምት መንገድ ላይ ከምንበትነው የጨው ክምር አጠገብ ታጣፊ ወንበር ደረደርን። ወትሮ አራት ሰው ይመጣል፤ ከአራቱም አንዱ ለመሞቅ ነው። ማክሰኞ ግን ወንበር አልቆ ሰዉ ጎማ ላይ ተቀመጠ። ድዋይት ተነሣና፣ “ሎሬታ፣ ሌባ በር ሲሰብርብሽ ድልድዩን ልትጠሪው ነው?” አላት። እሷም ቀበል አድርጋ፣ “ድልድዩ ከወደቀ ፖሊሱ እየዋኘ ሊመጣልህ ነው? አንተ እንደሆንክ ለእንግዳህ የተረፈ ሾርባ ታቀርብለታለህ!” አለችው። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ድዋይትም ሳቀ፤ ግን ፍርሃቱ የውሸት አይደለም። ባለፈው ክረምት ወፍጮ ቤቱ ሲዘረፍ ፖሊስ እስኪመጣ ሃምሳ ደቂቃ ቆሞ ጠብቋል። ያውም መጥተውለት ነው።

ከዚያ ጃኔል ከኋላ ተነሣች። የላም በረት ቦቲ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም። ስለ ወተቷ ልትለምን ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ። “አጎቴ፣ ለእኔ ብለህ ከሆነ እጅህን አታንሣ” አለችኝ። “ያኔ በአባቴም ላይ ለሰፈሩ ብለህ ነው ያነሣኸው። የምታምንበት ከሆነ ግን ምክንያቱን ሰው ፊት ተናገር።” እሷ ያኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች። ለካ አንድም ቀን አልረሳችውም።

እኔ መናገር እንደማልችል ታውቂያለሽ። መዝገቡን ገልጬ የክሌርን ቃል አነበብኩላቸው። ቀጥዬም፣ ትክክል የነበረው እሱ ነው፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ የራሳችንን ፖሊስ መቀለብ አንፈልግም ብለን የልጁን የጃኔልን ድልድይ ስንበላ ኖረናል አልኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው፤ ግን ጮኽኩ። ረቂቁን ደግፌ እጄን አነሣሁ። ከሁለቱ ጎረቤት ቀበሌዎች ጋር ተባብረን አንድ ፖሊስ እንቅጠር፣ ግብሩም ከእኔ ይጀመር ብዬ አመለከትኩ። ይቅርታዬም በቃለ ጉባኤው ይግባ አልኳት ጸሐፊዋን።

ድዋይት ድምፁን አልቀየረም፤ ድጋፋችን ሁለት ለአንድ አለፈ። ስንበተን ግን ኮፍያውን እያሻሸ ወደ ጸሐፊዋ ሄደና፣ “ያኔ እኔም እጄን አንስቻለሁ። ይቅርታው ላይ የእኔንም ስም ጨምሪ” አላት። ሃምሳ ዓመት ሳውቀው እንዲህ ያለ ነገር ከአፉ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም።

ሕጉ ይጽደቅ አይጽደቅ አላውቅም። ቢጸድቅም የጃኔል ድልድይ ከስንት በሽተኛ ድልድይ ኋላ እንደሚሰለፍ እግዚአብሔር ይወቀው። ቦቴው ከቀረ ወተቷን በትንሹ መኪናዬ እየከፋፈልኩ አሻግርላታለሁ ብያታለሁ። ሳቀችብኝ፤ እምቢ ግን አላለችም።

በይ እንግዲህ፣ ለልጅሽ ለራስል ሰላም በይልኝ፤ በኅዳር ለአጋዘን አደን ከመጣ የአባቴን ጠመንጃ ዘይት ቀብቼ አስቀምጬለታለሁ። ለሚስቱ ለኮሪን፣ ለትንሿ ለቴስም ሰላምታዬን አድርሽልኝ። ያንን የሚናከስ ውሻሽንም ከሩቁ ሰላም በይልኝ።

የቃለ ጉባኤው ቅጂ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ። ክሌር ጠዋት ጠዋት አእምሮው ጥርት ያለ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ግን ሰው ይጠፋዋል ብለሽኛልና ጠዋት ላይ አንብቢለት። የራሱን ቃል ያውቀው ይሆናል። “ኢርቪን ማነው?” ብሎ ከጠየቀሽ ግን ወንድሜ ነው አትበይው፤ በዝምድና መታለፍ አልፈልግም። ከሥራህ ያስወጣህ ሰው ነው በይው፤ ከዚያ የሚመልሰውን፣ ስድብም ቢሆን፣ አንድ ቃል ሳትቀንሺ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ ኢርቪን ሃርትዝለር
ብራንት ሆሎው፣ ፔንሲልቬንያ
ኦክቶበር 11 ቀን 2024