በአስተርእዮ ያረገው ቤት

ላሊበላ፣ ጥር 23 ቀን 2003 ዓ.ም.

ምክሩ ለማያልቅበት ባለቤቴ ለደግሰው፣

እንዴት ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ብቻ? ጮቤ እየረገጥኩ ነው! ስልክ ልደውልልህ ብዬ ነበር፤ ግን «አላልኩሽም?» ስትለኝ ጆሮህ ላይ እንዳልዘጋብህ ፈርቼ ተውኩት። በደብዳቤ ሲሆን ሳታቋርጠኝ ትሰማኛለህ።

መጀመሪያ መራራውን ልዋጠው። ልክ ነበርክ። ያልተሠራን ቤት እንደ ፎቶ አድርጎ የሚያወጣው አዲሱ ሶፍትዌር፣ «ገና ለሙከራ የተለቀቀ ነው፤ ለራስሽ ተጫወቺበት፣ የሰው ሥራ ግን እንዳታስነኪው። ባልተገራ በቅሎ ሙሽራ አይጫንም» ብለኸኝ ነበር። ምን ላድርግ ታዲያ? አሮጌው አንዲት ሥዕል ለማውጣት ሲያቃስት ያድራል፤ መብራት ከሄደ ደግሞ ከሀ ጀምር ነው። አዲሱ ዓይኔ እያየ ግንቡን ከነጥላው ቁጭ ያደርገዋል። በዚያ ላይ የአስተርእዮ ማርያም ንግሥ ደረሰ። በየንግሡ ለሚመጡ ምእመናን ማረፊያ ቤት የሚያሠሩት የገነተ ማርያም ተወላጆች ከአዲስ አበባ የሚመጡት ለንግሡ ነው፤ በማግስቱ ይመለሳሉ። ያን ዕለት የቤቱን ፕላን ካላሳየኋቸው ሥራው ለሌላ ይሰጣል። ሥራው ከሄደ ደግሞ፣ የተስማማነውን መቼ ረሳሁት፣ ጾም ሳይገባ ቢሯችንን ዘግቼ አዲስ አበባ አንተ ዘንድ መምጣቴ ነው። «ላስታ ውስጥ ማን ፕላን ያሠራል?» ብለኸኝ ከሄድክ ወዲህ ያችን ክፍል በእልህ ነው የምከፍታት።

በዋዜማው ምክርህ ትዝ ቢለኝ ወደ አሮጌው ልመለስ አልኩ። ጉድ ፈላ! በአዲሱ ያስቀመጥኩትን ፋይል አሮጌው አልከፍትም አለኝ። ሌላ ቅጂ ደግሞ አላስቀረሁም። እንግዲህ ማርያም ታውቃለች ብዬ ላፕቶፔን አቅፌ ወደ ገነተ ማርያም ሄድኩ።

ታቦቱ ገብቶ፣ ዝክሩ ተበልቶ ካበቃ በኋላ አዳራሽ ተሰበሰብን። ጄኔሬተሩ ተነሳ፤ ግድግዳው ላይ ነጭ ጋቢ ሰቅለን ፕሮጀክተሩን አበራን። ቤቱ ብቅ ሲል ሰው ሁሉ «ውይ!» አለ። እናትህ እማማ ገለቴ ከፊት ተቀምጠው «ምራቴ ናት የሠራችው» እያሉ ጎረቤታቸውን በክርናቸው ይጎስማሉ። ደብሩን የሚያስተዳድሩት አባ ወልደ ኪዳን «እስቲ ልጄ፣ ከቤተ ክርስቲያኗ በኩል አሳዪን» አሉ። አዞርኩት። ደጌ፣ ኮረብታው እልም! ቤቱ ብቻውን አየር ላይ ቀረ፤ ከዚያ ከፍ፣ ከፍ እያለ ሄዶ ከቤተ ክርስቲያኗ ጣሪያ በላይ ተንሳፈፈ።

አንድ ቄስ «ከማርያም በላይ ማን ሊያድር ነው?» ብለው ብድግ አሉ። ከቤተ ክርስቲያን በላይ ቤት መሥራት እዚህ አገር ምን ማለት እንደሆነ ላንተ አልነግርህም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ! አባ ወልደ ኪዳን ግን ጺማቸውን ይዘው ጋቢውን አየት አየት አደረጉና፣ «ምነው ልጄ፣ ዛሬ እኮ አስተርእዮ ነው፤ ዕርገቷ ነሐሴ ነው!» አይሉም? አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ሁሉም ሲስቅ የተወላጆቹ ሰብሳቢ አቶ ገብረ ሊባኖስ ሰዓታቸውን አዩ። ሥራው ከእጄ ሲወጣ ታወቀኝ። ላፕቶፑም ጭራሽ ድርቅ ብሎ ቀረ። ያኔ ወኔዬ መጣ። «በሉ ተነሱ! ቤቱን በእግራችሁ ገብታችሁ እዩት!» አልኩ።

ከድንኳኑ ገመድ አስፈትቼ ቤቱ ወደሚሠራበት ቦታ ወረድን። ዓምድ በሚቆምበት ሁሉ መዘምራኑን ከነመቋሚያቸው አቆምኳቸው፤ ገመዱን በመቋሚያው ዙሪያ ስቤ ክፍሎቹን አወጣሁ። አንዱ ደብተራ «ዓምድ መዘመር ይፈቀድለታል?» ቢለኝ «እንዳይነቃነቅ እንጂ ይዘምር!» አልኩት። የድንኳኑን ረጅም የባሕር ዛፍ ምሰሶ በቤቱ ጣሪያ ቁመት ልክ አስቆርጬ መሃል ላይ አቆምኩ። አባ ወልደ ኪዳን ሽቅብ ወጥተው ከቤተ ክርስቲያኗ ቅጥር ቁልቁል ተመለከቱ። ጫፉ የቆሙበት ጋ እንኳ አይደርስም። «እሰይ! ከእግሯ ሥር ነው!» ብለው ሲጮኹ እኚያ የተቆጡት ቄስም አብረው አጨበጨቡ።

እናትህማ የሴቶች ክፍል ያልኩት ውስጥ ገብተው ነጠላቸውን አንጥፈው ጋደም አሉ። «በየንግሡ እዚያ ዛፍ ሥር ብርድ ሲጠብሰኝ ኖሬ ዛሬ ገና ቤት ገባሁ፤ አልነሳም!» አሉ። አቶ ገብረ ሊባኖስ ሊያዩዋቸው ገመዱን ሊሻገሩ እግራቸውን ሲያነሱ «ኧረ ግድግዳ ነው! በበሩ ይግቡ!» ብዬ ጮህኩባቸው። ደንግጠው ዞረው በበሩ ገቡ፤ እየሳቁ በበሩ ሲወጡ ሥራውን ሰጡኝ። ሰጡኝ፣ ደጌ! ያን ሶፍትዌር ከላፕቶፔ አጥፍቼዋለሁ፤ ሲያልቅለት ይምጣ። ሥዕሎቹንም በአሮጌው እንደ አዲስ ጀምሬያለሁ፤ ማቃሰቱን ለምጄዋለሁ።

አንድ ነገር ቀረ። ሥራው ከጠፋ እኔ እንድመጣ ተስማምተናል፤ ከተገኘስ? እኔ እዚህ፣ አንተ እዚያ ልንቀር ነው? ይህን ሳንነጋገር ነው አውቶቡስ የተሳፈርከው። ሥራው ለእኔ ሲሰጥ የተነሳው እልልታ ሲበርድ ድንገት እንባዬ መጣ። ደስታ ነው አልኳቸው፤ ደስታም ነበር። አቶ ገብረ ሊባኖስ «ግንባታውን የሚቆጣጠረው መሐንዲስ ማነው?» ብለው ጠየቁኝ።

«ባለቤቴ ደግሰው ነው» አልኩ።

«አዲስ አበባ ነው አላልሽም እንዴ? እሺ ብሏል?»

«እሱማ እሺ ብሏል!»

አልነሳም ያሉት እናትህ ብድግ ብለው እልልታቸውን አቀለጡት። እንግዲህ «አላልኩም» የምትል ከሆነ ለእሳቸው ራስህ ንገራቸው፤ እኔ አፍ የለኝም።

ብርዱ ጠንክሯልና ወፍራሙን ጋቢ ደርብ። እናታችን ገነተ ማርያም ከመንገድ ክፉ ትጠብቅህ፤ ሾፌሩን እንቅልፍ አይጣለው፤ በሰላም ያግባህ።

ያንተው
ሰገነት